ወደ እሳት የማትመጣው የእሳት ራት

የዐቢይ ጾም በገባበት በመጀመሪያው ሳምንት፣ የትንሣኤ ተሳላሚዎች ከመድረሳቸው በፊት የዕቃ ቤቱን አልባሳት አውጥተን ልናናፍስ ተነሣን። ከሰሜኑ ግድግዳ ሥር ካለው ትልቅ የእንጨት ሣጥን ውስጥ አንድ ጥቁር የሱፍ ካባ ወጣ። ካባውን ከብዙ ዓመታት በፊት አንዲት ተሳላሚ እናት ለስእለታቸው ያመጡት ነው፤ እርሳቸው ዛሬ በሕይወት የሉም። ዕቃ ቤት ጠባቂው አባት ካባውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ መስኮቱ ከፍ ቢያደርጉት፣ ብርሃኑ በጀርባው በኩል በአሥራ አንድ ቀዳዳ ገባ። ቈጠርነው።

ከእጥፋቱም አንዲት ቢጫ ነገር ወደቀች። አልበረረችም፤ በድንጋዩ ወለል ላይ ሮጣ ከሣጥኑ ሥር ተሸሸገች። «ብል ነው» አሉ አባታችን፤ ማንም አልተከራከራቸውም።

ክርክሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከመካከላችን አንዱ፣ ሣጥኑን ከነልብሱ ከማቃጠል በቀር መድኃኒት የለውም አለ። ሌላው፣ ናፍታሊን ገዝቶ መበተን ይበቃል አለ። የማእድ ቤቱ አገልጋይ ደግሞ «እነዚህማ ከበዓለ ልደት ጀምሮ በእኛ ዘንድ በመብራቱ ዙሪያ ሲበሩ ነው የከረሙት፤ ከእናንተ ነው የመጡብን» ብሎ ወቀሰ፤ ዕቃ ቤቱም በበኩሉ ጥፋቱን ወደ ማእድ ቤቱ መለሰ። ንዋየ ቅድሳት ያለበትን ሣጥን በግምት ማቃጠል አይገባምና፣ ከሁሉ አስቀድመን ይህች ፍጥረት ማን እንደሆነች እንወቅ ብለን ተስማማን። ያወቅነው ነገር በየቤታችሁ የተቀመጠውን የሱፍ ልብስ ሁሉ የሚመለከት ስለሆነ፣ ለእናንተም ልንነግራችሁ ወደድን።

በመጀመሪያ ያሳሳተን የገዛ ቋንቋችን ነበር። «ብል» የሚለው ስም የሚጠራው ፍጥረቷን ሳይሆን ሥራዋን ነው። ቀዳዳውን ያየ ሰው «ብል በላው» ይላል እንጂ የበላው ምን እንደሚመስል ብዙ ጊዜ አይጠይቅም። የግእዙ «ቍንቍኔ»ም ልብስ የሚበላውንና እንጨት የሚነድለውን በአንድ ስም ያጠቃልላቸዋል። በሌላ ወገን ደግሞ «የእሳት ራት» የምንላት አለች፤ በሌሊት እየበረረች ወደ ፋኖስና ወደ ጧፍ መጥታ የምትቃጠለው ናት። እነዚህን ሁለት ስሞች ከልጅነታችን ጀምሮ ስንጠራቸው ኖረናል፤ ነገር ግን ብል የምንለው ትል ክንፍ ሲያወጣ ራሱ ከእሳት ራት ወገን መሆኑን ከመካከላችን ያወቀ አልነበረም። እዚህ በምንኖርበት አገር ዕብራይስጥ የሚናገሩት ጎረቤቶቻችን «ዓሽ» የሚሉት ቃል፣ የልብሷንም በመብራት ዙሪያ የምትዞረውንም በአንድነት ይጠራል። በዚህ ረገድ ቋንቋቸው ከእኛው ይልቅ ለእውነቱ ቀርቧል ማለት ይቻላል፤ ሆኖም እነርሱም እንደ እኛ በዚያው ስም ሊሳሳቱ ይችላሉ፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እንመጣበታለን።

የእሳት ራት ከሆነች ወደ እሳት ትመጣለች ብለን በመጀመሪያው ሌሊት አንድ ፋኖስ በውኃ በተሞላ ሳሕን መካከል አቁመን በዕቃ ቤቱ አሳደርን፤ እንዲሁ ያለ ሌላ ሳሕን በማእድ ቤቱ አኖርን። ሲነጋ በማእድ ቤቱ ሳሕን አራት ሞተው ተገኙ። የዕቃ ቤቱ ውኃ ግን እንደ ሞላነው ንጹሕ ነበር። የዕቃ ቤቷን ያገኘናት፣ ሣጥኑን ከግድግዳው አርቀን ጨለማ በነበረው ስንጥቅ ውስጥ ጠባብ መብራት ስናበራ ነው። ብርሃኑ ባገኛት ጊዜ ወደ ብርሃኑ አልመጣችም፤ ጀርባዋን ሰጥታ ወደ ጥልቁ ሸሸች። እንግዲህ ወደ እሳት የማትመጣ የእሳት ራት አለች ማለት ነው።

አንዷን በብርጭቆ ይዘን በነጭ ወረቀት ላይ አኖርናት፤ አረጋውያን አባቶች ደቃቅ ጽሕፈት በሚያነቡበት ማጉያ መነጽርም ተራ በተራ አየናት። ክንፏን አጥፋ ስትቀመጥ ርዝመቷ ከአንድ የስንዴ ቅንጣት እምብዛም አይበልጥም፤ ሰባት ሚሊ ሜትር ያህል ናት። ክንፏ ሲዘረጋ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ9 እስከ 16 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። መልኳ የደረሰ የገብስ ገለባ ነው፤ ነገር ግን ገለባ የሌለው የሐር ልስላሴና የወርቅ ብልጭታ አለው። በክንፏ ላይ አንዲት ነጥብ እንኳ የለችም። ይህን ልብ በሉ፤ ዋናው መለያዋ ይህ ነው። በራሷ ላይ ዝገት የመሰለ ቀይ ቢጫ ጠጕር ቆሞ ይታያል፤ የኋለኞቹ ክንፎቿ ከፊተኞቹ የገረጡ ሲሆኑ ዳርቻቸው እንደ ነጠላ ዘርፍ በረጃጅም ፀጕር ተከቧል። ካንዱ አባት «እንዲህ ያማረች ናትና ነው ያላቃጠልናት?» የሚል ቃል ወጣ፤ ከዚያም መነጽሩን ለሚቀጥለው ሳይሰጡ ረጅም ጊዜ ቆዩ።

ከሁሉ ያስደነቀን ግን አፏ ነው፤ ይኸውም አለመኖሩ ነው ማለት ይቀላል። ክንፍ ያወጣችው ብል የምትበላበት አፍ የላትም፤ በትልነቷ ዘመን ያከማቸችውን ስብ እየጨረሰች ጥቂት ሳምንታት ብቻ ትኖራለች። በአየር ላይ ስትበር አይተን በእጃችን የምናጨበጭብባት ብዙውን ጊዜ ወንዱ ነው። እንቁላል የያዘችው ሴቷ ከመብረር ይልቅ በእጥፋት ውስጥ መሮጥ ትመርጣለችና አትታይም። እርሷም ከ40 እስከ 50 የሚደርሱ፣ ለዓይን የሚያስቸግሩ ነጫጭ እንቁላሎች በሱፉ ክሮች መካከል ትጥላለች። ካባውን የበላው ከእነዚያ የተፈለፈለው ነጭ ትል ነው፤ ራሱ ቡናማ ነው፣ ሲያድግ ርዝመቱ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ትሉ ከአፉ የሐር ክር እያወጣ በልብሱ ላይ ቀጭን ዋሻ ይሠራል፤ በዋሻው ውስጥ ሆኖ ይበላል። በካባው ላይ ያየነው የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ይህ ነው። በድሩ ውስጥ ጥቁር ጤፍ የመሰሉ ቅንጣቶች ተበትነው ነበር፤ ኩሱ ነው። ትሉ ሱፉን እንጂ ቀለሙን መፍጨት አይችልምና፣ ኩሱ የበላውን ልብስ ቀለም ይይዛል። ከቀይ ምንጣፍ ላይ ቢሆን ኖሮ ቀይ ጤፍ ባገኘን ነበር።

ይህን ካየን በኋላ የማእድ ቤቷን አመጣን። እርሷ ከዚህች ትንሽ ትበልጣለች፤ የክንፏ ሥር ወደ ራሷ በኩል ግራጫ ሲሆን የቀረው ሁለት እጅ መዳብ የመሰለ ቀይ ቡናማ ነው፤ ሁለት ቀለም ጨርቅ ገጥመው የሰፉላት ትመስላለች። በሊቃውንቱ ዘንድ ስሟ ፕሎዲያ ኢንተርፑንክቴላ ይባላል። ልጆቿ ዱቄት፣ ለውዝ፣ የደረቀ ፍሬ ይበላሉ እንጂ ሱፍ አይነኩም። ማእድ ቤቱ ከዕቃ ቤቱ፣ ዕቃ ቤቱም ከማእድ ቤቱ ዕዳ ነጻ ወጣ። ከልደት በፊት በስጦታ የመጣው የዘቢብ ከረጢት ሲፈታ ግን የማእድ ቤቱ ነገር በዚያው ተገለጠ፤ እርሱን ለማእድ ቤቱ እንተወዋለን።

ሦስተኛዋን ያገኘናት ሳንፈልጋት ነው። ከዕቃ ቤቱ መስኮት ውጭ ርግቦች ለዓመታት ጎጆ የሠሩበት ጠርዝ አለ። ጎጆውን ስናጸዳ ከላባው መካከል ትንንሽ ከረጢቶች ሲንቀሳቀሱ አየን፤ ሩዝ የሚያህሉ፣ በሁለቱም ጫፍ ክፍት የሆኑ። በእያንዳንዱ ውስጥ አንድ ትል አለ፤ ቤቱን ተሸክሞ ይሄዳል፣ በአንዱ ጫፍ ራሱን አውጥቶ ይበላል፣ ቢፈልግ በውስጡ ዞሮ በሌላው ጫፍ ይወጣል። ይህች ቲኔያ ፔሊዮኔላ ናት። ክንፍ ስታወጣ ግራጫ ቡናማ ትሆናለች፤ በክንፏም ላይ ደብዘዝ ያሉ ጥቋቁር ነጥቦች አሉባት። የዕቃ ቤቷ ትል ግን ቤት ተሸክሞ አይዞርም፤ ዋሻውን በቦታው ሠርቶ ይኖራል። ርግቦቹን አላባረርንም፤ ጎጆው ባዶ በሆነበት ወቅት ጠርዙን ጠርገን በሽቦ ዘጋነው፤ እነርሱም ወደ ደወሉ ቤት ተዛወሩ።

እነዚህን ለይቶ መጥራት ለሊቃውንቱም ቀላል አልነበረም። ስዊድናዊው ካርል ሊኒየስ በ1758 እ.ኤ.አ. ባሳተመው አሥረኛው እትም «ሲስቴማ ናቱሬ» መጽሐፉ፣ ጥቃቅኑን የእሳት ራቶች በአንድነት «ቲኔያ» በሚለው የላቲን ቃል ጠራቸው፤ ቃሉ እንደ እኛው «ብል» የሚያኝክ ትል ማለት ነው። ከዚህ ወገን የሆነችው ሁሉ ስሟ በ«ኤላ» እንዲያልቅ ሥርዓት ሠራ። ባለ ከረጢቷን ያን ጊዜ ሰይሟታል፤ ፔሊዮኔላ የሚለው ስም የለምድ ሠሪን ሙያ ከሚያመለክት የላቲን ቃል የወጣ ነው። የእኛይቱ የዕቃ ቤት ብል ግን በዚያ መጽሐፍ ውስጥ አልተለየችም። ስሟን ያገኘችው ከ65 ዓመት በኋላ በ1823 እ.ኤ.አ. ነው፤ አርቪድ ዳቪድ ሁመል የተባለ ሰው በሩሲያ በቅዱስ ጴጥሮስ ከተማ ባወጣው ጽሑፍ ቢሴሊየላ ብሎ ጠራት። በ1853 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጀርመናዊው ሐኪም ሄሪሽ-ሼፈር ከቲኔያ ለይቶ «ቲኒዮላ» የሚል የራሷ ወገን አቆመላት፤ ትርጕሙ ትንሿ ቲኔያ ማለት ነው። ስለዚህ ሙሉ ስሟ ቲኒዮላ ቢሴሊየላ ሆነ።

የማእድ ቤቷስ? ስሟ በ«ኤላ» የሚያልቅበት ምክንያት አለው፤ ዮሐን ሁብነር በመጀመሪያ ሲሰይማት እርሷንም ከቲኔያ ቈጥሯት ነበር። ይህን ስናነብ ሳቅን፤ የማእድ ቤታችንና የዕቃ ቤታችን ጠብ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት በሊቃውንቱ መጽሐፍ ላይም ነበረ ለካ። በኋላ ግን ክንፏንና አካሏን መርምረው ከሌላ አስተኔ አኖሯት፤ እርሷ ፒራሊዴ ከሚባለው፣ የዕቃ ቤቷና የርግቦቹ ቲኒዴ ከሚባለው ናቸው። ሦስቱም ግን ከቢራቢሮዎች ጋር ሌፒዶፕቴራ ከሚባለው ክፍለ መደብ ናቸው፤ ይህም በጽርእ ባለ ቅርፊት ክንፍ ማለት ነው። ቢራቢሮ በነካ ጣት ላይ የሚቀረው ዱቄት እነዚያ ቅርፊቶች ናቸው። በክፍለ መደቡ ውስጥ ከሚቈጠሩት ከመቶ ሃምሳ ሺህ በላይ ዝርያዎች ከአሥሩ ዘጠኝ ያህሉ የእሳት ራቶች ናቸው፤ በቀን የምናደንቃቸው ቢራቢሮዎች የቤተሰቡ ጥቂት አባላት መሆናቸው ነው። ከእነዚያም ውስጥ ሱፍ የሚበሉት እጅግ ጥቂት ናቸው። ቅድም «ዓሽ» የሚለው ስም እንኳ ሊያሳስት ይችላል ያልነው ለዚህ ነው፤ በሌሊት መስኮታችሁን የመታች ሁሉ ካባችሁን ልትበላ የመጣች አይደለችም።

ስለ አገሯም የተነገረ አለ። በ2011 እ.ኤ.አ. በጀርመን አገር ሁለት ተመራማሪዎች የዚህችን ብል ታሪክ መርምረው፣ የመጀመሪያ አገሯ የአፍሪካ መካከለኛው ወይም ደቡቡ ክፍል ሳይሆን እንደማይቀር፣ ወደ አውሮፓም የገባችው በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ መሆኑን ጽፈዋል። ሊኒየስ ያልለያት ምናልባት አጠገቡ ስላልነበረች ይሆናል። ይህ ከሆነ በጥንቱ ዘመን በዚህች ከተማ የመኳንንቱን ልብስ ይበላ የነበረው ብል የእኛይቱ ሳትሆን ባለ ከረጢቷ ወይም ሌላ ዘመዷ ልትሆን ትችላለች፤ ይህ የእኛ ግምት ነውና በዚያው መጠን ተቀበሉት። የእኛይቱ ደረቅ አየርን ከባለ ከረጢቷ በተሻለ ትችላለች፤ ስለዚህ በክረምት በሚሞቁ ቤቶች ውስጥ በርትታ ተገኘች።

ለምን ሱፍ? ሱፍ፣ ጠጕር፣ ላባ፣ ጥፍርና ቀንድ ሁሉ የተሠሩት ኬራቲን ከሚባል ጠንካራ ነገር ነው። በድኝ ማሰሪያ የተጠላለፈ ስለሆነ አብዛኛው እንስሳ ሊፈጨው አይችልም። የብሉ ትል ሆድ ግን ያን ማሰሪያ የሚፈታ ኃይል አለው። ስለዚህ በርኖስ፣ ካባ፣ ባና፣ የሱፍ ምንጣፍ፣ የአባቶች ጭራ ሳይቀር ምግቡ ነው፤ ከጭራዎቹ በአንዱ፣ ጠጕሩ ከእጀታው ከሚገጥምበት ቦታ ላይ ድሩን አግኝተናል። ሐርም አልፎ አልፎ ይበላል። ጥጥ ግን አይፈጭለትም። ታዲያ በዚያው ሣጥን የነበረ አንድ ነጠላ በአንገቱ በኩል ስለ ምን ተበላ? ላብ፣ ቅባትና የምግብ እድፍ የነካውን ጥጥ ትሉ ለእድፉ ሲል ያኝከዋል። እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኛ መሆኑን እንናገራለን፤ ልብሱ ከአገልግሎት ወጥቶ ሳይታጠብ ታጥፎ ገብቷል፤ ሣጥኑም ካለፈው ዓመት ጀምሮ አልተከፈተም። ዕጣን የጠገበ ልብስ አይነካም ብለን እናምን ነበር፤ ካባው ግን ሲወጣም ዕጣን ዕጣን ይል ነበር።

ስለ መጻሕፍቱ የተጨነቁ አባቶች ነበሩ። ብራና ከቆዳ ቢሠራም ጠጕሩ ተፍቆ የወጣ ነውና የዚህች ዋና ምግብ አይደለም። በመጻሕፍቱ ገበታ ላይ በወስፌ የተወጋ የሚመስሉት ክብ ቀዳዳዎች እንጨት የሚበላ የጢንዚዛ ልጅ ሥራ ናቸው፤ እርሱ ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል።

አሁን ወደ ካባው እንመለስ። ማቃጠል አላስፈለገም። ናፍታሊንም አልገዛንም፤ ጢሱ በተዘጋ ቤት ለሚያድር ሰው ጤና ይጎዳል፣ ይልቁንም ባቄላ የማይስማማቸው ሰዎች ደማቸው ሊጎዳ ይችላል፤ በዚህ አካባቢ ደግሞ እንዲህ ያሉ ሰዎች ብዙ ናቸው። የመረጥነው ብርድ ነው። ልብሱን በፕላስቲክ ከረጢት አየሩን አስወጥቶ አጥብቆ አስሮ፣ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚደርስ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሁለት ሳምንት ማቆየት እንቁላሉንም ትሉንም ይገድላል። የእንግዶች ማረፊያው የሥጋ ማቀዝቀዣ በጾሙ ምክንያት ባዶ ነበረና በደንብ አጥበን ተረከብነው። ሲወጣ ከረጢቱን ወዲያው አለመፍታት ያሻል፤ የቤቱን ሙቀት እስኪይዝ አንድ ቀን ካልቆየ ጤዛ በልብሱ ላይ ይወርድበታል። ከዚያ በኋላ በግቢው በፀሐይ አውጥተን በብሩሽ ጠረግነው፤ እናቶቻችን በአገር ቤት በበጋ ልብስ ፀሐይ የሚያስመቱበት ጥበብ መሠረት ያለው ነው፤ ትሉ ብርሃን ይሸሻል፣ ብሩሹም እንቁላሉን ያራግፋል። ሐርና ቀለም የሚለቅ ልብስ ግን በፀሐይ አይቆይ። ሣጥኑን ደግሞ ስንጥቁን ሁሉ በአቧራ መምጠጫ አጸዳን፤ ጠጕርና አቧራ በተጠራቀመበት ስንጥቅ ውስጥ ሰባት ትሎች ነበሩ። ልብሱን አድኖ ሣጥኑን የረሳ ሰው ድካሙ ከንቱ በሆነበት ነበር።

ዛሬ በዕቃ ቤቱ ማእዘን የሴቷን ሽታ የያዘ ሙጫ ወረቀት ተሰቅሏል። የሚይዘው ወንዶቹን ብቻ ነው፤ ስለዚህ ብሉን ያጠፋል ብለን ሳይሆን መኖር አለመኖሩን ይነግረናል ብለን ነው የሰቀልነው። ካባውን አንዲት እማሆይ በጥቁር ክር እየጠቀሙ አሥራ አንዱንም ቀዳዳ ደፍነውታል፤ ስፌቱን ከቅርብ ያላየ አያውቀውም።

ለተሳላሚዎቻችን አንድ ልመና አለን። ለስእለት የሱፍ ልብስ፣ ምንጣፍ ወይም ጭራ ስታመጡ በፊታችሁ ተቀብለን ወዲያው ከመልበስና ከመዘርጋት ይልቅ በከረጢት አስረን ለሁለት ሳምንት ብናቆየው እንዳትቀየሙን። ቢቻላችሁ ታጥቦ የደረቀ አድርጋችሁ አምጡት። በደረቅ ወረቀት ላይ ያኖርናት ብልም በዕቃ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ከማጉያ መነጽሩ ጋር አለች፤ ከቅዳሴ በኋላ ዕቃ ቤት ጠባቂውን አባት ጠይቃችሁ ማየት ትችላላችሁ፤ በሩን ግን ከኋላችሁ ዝጉት።